ጂኤክስ ወይስ ቪኤክስ፦ የእህቴን መኪና ለመምረጥ ከአሶሳ አዲስ አበባ

ጉዞው የተጀመረው በግንቦት ወር አንድ ሐሙስ ማለዳ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገና ሳይሞላ፣ አሶሳ መናኸሪያ በር ላይ ነው። በሩ አልተከፈተም። ተሳፋሪው ሻንጣውንና የማንጎ ጆንያውን እግሩ ሥር አስቀምጦ ቆሟል። እኛ ሦስት ነበርን፦ ታናሽ እህቴ ሉባባ፣ እጮኛዋ ኸሊፋ እና እኔ። ያገለገለ ላንድክሩዘር ልንገዛ አዲስ አበባ መሄዳችን ነው። “ልንገዛ” ማለቴ ለአፍ ስለሚቀልል ነው እንጂ ገዢው ኸሊፋ ነው፤ የምትቀመጥበት ሉባባ ናት። እኔ የሄድኩት ኒካህ ያልታሰረላት ልጅ ከእጮኛዋ ጋር ብቻዋን ያን ያህል መንገድ መሄድ ስለማይገባት ነው።

አባታችን በሰፈራ ከወሎ የመጣ ገበሬ ነው፤ ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ አምባ አምስት ውስጥ ነው። ከመውጣታችን በፊት በነበረው ምሽት ጠራኝና “ሰዓዳ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። የመኪናውን ወረቀት ታነቢላቸዋለሽ፣ እሷንም ትጠብቂልኛለሽ” አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ታላቅ ቁጭ ብላ ታናሽ ስትዳር የሰው አፍ ብዙ ነው። አብሽሪ ልጄ፣ ያንቺም ቀን አለው።”

ይህን ባይለኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ቅናቴ ከመነሻው መናገር አለብኝ፤ እሱን ከዘለልኩት የሚቀረው የከተሞች ስም ብቻ ነው። በኸሊፋ አልቀናሁም። ደግ ሰው ነው፤ እንደ ወንድም አየዋለሁ። የቀናሁት በሉባባ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን አቁማ፣ ሳትጨነቅ፣ ሳትለፋ፣ ሰው ሁሉ የሚስቅላት ልጅ ሆነች። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ተመርቄ፣ ክልሉ ቢሮ ውስጥ ተቀጥሬ፣ አሁንም ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ይጠፋል።

ክልላችን ያኔ ገና አዲስ ነበር። ቢሮዎች ተከፍተዋል፣ ማኅተሞች ተቀርጸዋል፣ ወንበሮች ገብተዋል፤ መኪና ግን የለም። አንድ ባለሙያ ወደ ቶንጎ ወይም ወደ ማንኩሽ መሄድ ሲኖርበት ተራ ይዞ መኪና ይጠብቃል፤ አንዳንዴ መኪናው ሳይገኝ የሚሄድበት ጉዳይ ያልቃል። ኸሊፋ ይህን አይቷል። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ ዕቃ እያመጣ የሚነግድ። የጭነት መኪናውንና የሱቁን ድርሻ ሸጦ፣ ጠንካራ መኪና ገዝቶ ለቢሮዎች ሊያከራይ አሰበ። የቀረው ሀብት የለም። ያ መኪና ካልሠራለት ሠርጉም ኑሮውም አብሮ ይቆማል፤ ይህን ሦስታችንም እናውቃለን።

አንድ የአዲስ አበባ ደላላ በስልክ የነገረው ሁለት መኪና እንዳለ ነው። ጂኤክስ የሚባለው ደረጃ ቀለል ያለው ነው፤ ቪኤክስ ደግሞ “ፉል” የሚባለው፣ ሁሉ ነገር የተሟላለት። አሶሳ ውስጥ ቪኤክስ ይዞ የሚታየው ትልቅ ባለሥልጣን ብቻ ነበር። ሉባባ ከወር በፊት ጀምራ በሕልሟ ቪኤክስ ውስጥ ተቀምጣለች።

ከአሶሳ እስከ ነቀምት

አውቶቡሱ ሲወጣ ሉባባ መስኮቱ አጠገብ፣ እኔ ከጎኗ፣ ኸሊፋ ከመተላለፊያው ማዶ ተቀመጥን። ጭጋጉ ከቀርከሃው ላይ ገና አልተነሣም ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ መሬቱ ቀልቷል፤ ሣሩ ከተቃጠለበት ጥቁር አመድ መሐል አረንጓዴ ብቅ ብቅ ይላል።

ባምባሲ ላይ ስንቆም ሴቶች ማንጎ በሰፌድ ይዘው ወደ መስኮቱ ተንጠራሩ። ኸሊፋ በጣቱ አንድ ሰፈር አሳየን።

“አክስቶቼ እዚህ ናቸው። ስንመለስ እዚህ ይቀበሉናል።”

በእነሱ ቤተሰብ አዲስ መኪና ዝም ብሎ ከተማ አይገባም። ዘመድ መንገድ ወጥቶ ያስቆመዋል፤ በግ ታርዶ ደሙ የፊት ጎማ ላይ ይፈስሳል። ለሠርግ የተገዛ መኪና ከሆነ ሙሽራዋ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ትመጣለች፤ ሴቶቹም እዚያው ያይዋታል።

“አንቺን አላዩሽም እስከ አሁን” አላት ለሉባባ። “ለሽምግልና የመጣው ወንድ ብቻ ነው። ኻላ አመና፣ የእናቴ ታላቅ፣ ‘ረጅም ናት? አጭር ናት?’ እያለች ልታሳብደኝ ነው።”

“ምን አልካት?”

“‘መኪናው ሲመጣ ታያለሽ’ አልኳት።”

ሉባባ ሳቀች። እኔ ወደ ማንጎዎቹ አየሁ።

መንዲ ላይ ቁርስ በላን። ባለቤቲቱ በሩ ላይ ቆማ “ኮቱ! ኮቱ!” እያለች ተሳፋሪውን ወደ ውስጥ ትጠራለች። ጨጨብሳው ቅቤ በዝቶበታል፤ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነበር። ከዚያ ነጆ፣ ከዚያ ጊምቢ። ጊምቢን አልፈን ወደ ዴዴሳ ስንወርድ ሙቀቱ ከታች ተነሥቶ ተቀበለን፤ ጋቢ የለበሰው ሁሉ ጋቢውን አወለቀ። ድልድዩን ተሻግረን ሽቅብ ስንወጣ አውቶቡሱ እያቃሰተ፣ ሰው ሁሉ አብሮ የሚገፋ ይመስል ወደ ፊት አዘነበለ። ነቀምት የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው።

ለኸሊፋ አንድ ክፍል፣ ለእኛ አንድ ክፍል ተያዘ። ሉባባ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ጣሪያውን ታያለች።

“ሰዓዳ፣ የቪኤክሱ ጣሪያ ይከፈታል አሉ።”

“ለምን?”

“ሰማይ ለማየት።”

“ሰማይማ አምባ አምስትም አለ።”

“አንቺኮ!” ብላ ትራሱን ወረወረችብኝ። “አንቺን የሚያገባሽ ሰው ምን ዓይነት መኪና ይግዛልሽ? ንገሪኝ እስቲ።”

በቀልድ ነው ያለችው፤ በሳቅ መለስኩላት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ስተኛ ግን ጥያቄው አብሮኝ ዞረ።

ሁለቱ መኪናዎች

አዲስ አበባ በገባን በማግስቱ ደላላው ጋሽ ታፈሰ መርካቶ ካደርንበት መጥቶ ወሰደን። ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱ መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ባለቤቶቻቸው ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የውጭ ሰዎች ናቸው።

ጂኤክሱ ነጭ ነው። በሩ ላይ የነበረ የእርዳታ ድርጅት ምልክት ተልጦ ጥላው ቀርቷል። ወንበሩ ሻካራ ጨርቅ፣ መስኮቱ በእጅ እየተሽከረከረ የሚወርድ፣ ማርሹ በእጅ፣ የሚጠጣው ናፍጣ። ቪኤክሱ የወይን ጠጅ ቀለም አለው። ወንበሩ ቆዳ፣ መስኮቱ በቁልፍ የሚታዘዝ፣ ማርሹ ራሱን የሚቀይር፣ ጣሪያው እውነትም የሚከፈት፣ ሞተሩ ባለ ሃያ አራት ቫልቭ ቤንዚን።

ሉባባ ከፊት ገብታ መስኮቱን ታወርዳለች፣ ታወጣለች፣ ታወርዳለች።

“ተይው እንጂ፣ ባትሪውን ትጨርሺዋለሽ” አልኳት።

“ይለቅ!” አለች እየሳቀች።

ጋሽ ታፈሰ ወደ እኔ ዞረ። “እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ጂኤክስ ለእርዳታ እህል ነው፤ ቪኤክስ ለሰው ነው። ሙሽራን ደግሞ እንደ ስንዴ አይጭኗትም።”

ለሙከራ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ወጣን። መጀመሪያ በጂኤክሱ። ይንቀጠቀጣል፣ ያጉረመርማል፣ ይሄዳል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚባል የለም። ከዚያ በቪኤክሱ። ኸሊፋ ነዳጁን ሲረግጠው ጀርባዬ ወንበሩ ውስጥ ገባ። መንገዱ ወደ እኛ የሚሮጥ መሰለኝ። የጭነት መኪናዎችን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ጣልናቸው፤ የሞተሩ ድምፅ ግን ከሹክሹክታ አልበለጠም። ኸሊፋ “ያ ሰላም! ያ ሰላም!” እያለ ይስቃል። ሉባባ በተከፈተው ጣሪያ እጇን አውጥታለች። ከኋላ ቆዳው ላይ ተቀምጬ ያ መኪና ለእኔ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። እንዲያ ያለ ምኞት በሕይወቴ ተመኝቼ አላውቅም። ለእኔ ቢሆን፣ ለእኔ ሲባል ሰው ይህን ቢመርጥ።

ግቢው ስንመለስ የሁለቱንም የአጠቃቀም መጽሐፍ ከመኪናዎቹ ኪስ አውጥቼ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛውን የማነበው እኔ ነኛ። መካኒክም ተጠርቶ ሥር ለሥር ገብቶ አየ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው አለ። እንግዲህ የቀረው ምርጫው ብቻ ነበር።

“ልብሽ ያለውን ንገሪኝ”

ከሰዓት በኋላ አንድ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ኸሊፋ ሻዩን ሳይነካ አየኝ።

“ኡኽቲ፣ እህቴ ሰዓዳ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አትዋሽም። ልብሽ ያለውን ንገሪኝ። የቱ?”

ምን ያህል እንደፈራሁ መግለጽ ይከብደኛል። ጂኤክሱ እንደሚሻል አውቃለሁ። ግን ጂኤክሱ ይሻላል የሚለው ራሴ ነው፣ ወይስ ሉባባ ቪኤክስ ውስጥ እንዳትታይ የሚፈልገው ሌላው ነገር? ሁለቱ በአንድ አፍ ሲናገሩ የቱ የቱ እንደሆነ እኔም መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ እንደ ጠበቃ ለቪኤክሱ መቆም ጀመርኩ።

“ቪኤክሱ ጭቃ ውስጥ ከገባ ጎማዎቹን አንድ ላይ የሚቆልፍ ነገር አለው” አልኩ። “ጂኤክሱ የለውም። ጉልበቱም ይበልጣል። ለዳገት፣ ለጭቃ እሱ ይሻላል። ተሳፋሪም አይደክመውም።”

ሉባባ ፊቷ በራ። “አየህ? አየህ?”

“ግን” አልኩ። ድምፄ ቀጠነ። “ቤንዚን በጣም ይጠጣል። አሶሳ ቤንዚን የሚመጣው በበርሜል ነው፤ ሲጠፋም ሳምንት ይጠፋል። ናፍጣ ግን የጭነት መኪና እስካለ ድረስ አለ። ማርሹ ራሱን የሚቀይር መኪና ባትሪው ሲደክም ገፍተህ አታስነሣውም። ጎማው ሰፊ ነው፣ እኛ ጋ አይገኝም። ቢሮዎቹ ደግሞ የሚከፍሉት ለመኪና ነው፤ ለቆዳ ወንበር ጭማሪ የለም። እና…”

“እና ምን?” አለ ኸሊፋ።

“ቪኤክስ ይዘህ ስትመጣ ባለሙያው አብሮህ ለመግባት ይፈራል። አለቃው ሳይገባበት እሱ ከገባበት ነገር ይመጣበታል። የኛን ቢሮ አውቀዋለሁ። ማንም አይከራይህም።”

ኸሊፋ ይህን ሲሰማ ብርጭቆውን አስቀመጠ። በዚያ ሰዓት እንደወሰነ ገባኝ። ሉባባም ገባት።

“ቀንተሽ ነው!” አለች። ጮኻ አልነበረም፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። “ስትቀኚ አውቅሻለሁ። ትንሽ ሳለን አዲስ ጫማ ሲገዛልኝ ‘ይጠብሻል’ ትይኝ ነበር።”

“ሉባባ…” አለ ኸሊፋ።

“አንተ ዝም በል። ለማን ነው የምታገባው? ለቢሮው?” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “በዚያ የእህል መኪና አሶሳ አልገባም። ከገባሁም ለአባዬ ኒካሁ ይቅር እለዋለሁ። ስሚኝ፣ እለዋለሁ።”

ብክድ ውሸት ይሆናል፤ ባምን ደግሞ ያልኩት ሁሉ ውሸት ይመስላል። የቀዘቀዘ ሻዬን አንሥቼ ጠጣሁ።

ኸሊፋ በማግስቱ ጂኤክሱን ገዛ።

መልስ

የመኪናው ወረቀት ተጠናቅቆ ስንነሣ ሉባባ የኋላውን በር ከፍታ ገባች።

“ከፊት ነይ” አላት ኸሊፋ።

“ከፊት የመረጠችው ትቀመጥ።”

እሱ አየኝ፣ እኔ መሬት አየሁ። ሁለታችንም ከኋላ ተቀምጠን ኸሊፋን ብቻውን እንደ ሹፌር መተው ነውር መሰለኝ። ከፊት ገባሁ። ሻካራው ወንበር ልብሴን ያዘኝ። እንዲህ ሆኜ ከአዲስ አበባ ወጣሁ፦ የእህቴ ወንበር ላይ፣ እህቴን ከጀርባዬ አድርጌ።

አምቦ ላይ ጠበል የሚመስለውን ውኃ ጠጣን፤ ሉባባ አልወረደችም። ባኮ ላይ በቆሎ ጥብስ ገዝቼ በመስኮት ዘረጋሁላት። “አልበላም” አለች። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ስትቆረጥመው ሰማሁ። ነቀምት አደርን፤ በአንድ አልጋ ጀርባ ለጀርባ።

በማግስቱ ነጆ ላይ ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን። ቀጂው “ናፍጣ አለ፣ ቤንዚን የለም” አለ። ኸሊፋ ምንም ሳይል በፊት መስተዋቱ ወደ ኋላ አየ።

“ዛሬ የለም ማለት ሁልጊዜ የለም ማለት ነው እንዴ?” አለች ሉባባ።

ደስ አለኝ። ያ ደስታዬ ግን ለሰው የሚነገር አይደለም፤ ወዳጅ ሲሸነፍ እንደሚመጣው ያለ፣ ጣፍጦ ወዲያው የሚመርር ነበር። ዕድሜውም አጭር ነው። ከነጆ ወጥተን ዝናብ ባጠበው ቁልቁለት ላይ ስንወርድ ጂኤክሱ ተንሸራትቶ ቦይ ውስጥ ገባ። አንዱ የኋላ ጎማ በአየር ላይ ይሽከረከራል፣ ሌላው ቆሟል። ወርደን ገፋን። ጭቃው ፊቴ ድረስ ተረጨ።

“ይሄኔ ያኛው ጎማውን ቆልፎ ወጥቶ ነበር” አለች ሉባባ፣ እየገፋች። “ራስሽ ነሽ ያልሽው።”

“ልክ ነሽ” አልኩ።

“ልክ ነሽ አትበይኝ! ስትስማሚልኝ ይብስብኛል።”

በሬ የሚነዱ ገበሬዎች ደርሰው አገዙንና ወጣን። አንደኛው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ብሎ ሁሉም ሳቁ። ኸሊፋ “‘መኪናው ጥሩ ነው፣ ሴቶቹ ደግሞ ጎበዝ ገፊ ናቸው’ ነው የሚለው” ብሎ ተረጎመልን። ሉባባ ልትስቅ ስትል አፏን በሻሿ ሸፈነች። መኪናው ግን ከላይ እስከ ታች ጭቃ ሆኗል፤ የኋላው መስኮት በተለይ ጭራሽ አያሳይም።

ወንበር ላይ ሆኜ አንድ ነገር ገባኝ። ቪኤክሱን ተከራክሬ አስቀርቻለሁ፤ ቅናቴ ግን ቅንጣት አልቀነሰም። እህቴ የተናቀ፣ ጭቃ የለበሰ፣ ሻካራ ወንበር ያለው መኪና ነው የተገዛላት፤ እኔም ልክ በዚያኛው የቀናሁትን ያህል በዚህኛው እቀናለሁ። የተገዛው ለእሷ ነዋ።

ባምባሲ

ወደ ባምባሲ ስንጠጋ ኸሊፋ ፍጥነቱን ቀነሰ።

“ሉባባ” አለ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር። “አክስቶቼ እዚህ ናቸው። ወላሂ ለምኜሻለሁ፣ ወደ ፊት ነይ።”

ሉባባ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች።

“እሺ፣ ምን ልበላቸው?”

“አልመጣችም በላቸው።”

ሌላ ነገር ለማለት ጊዜ አልነበረም። መንገዱ መሐል ሰው ሞልቷል። ወንዶቹ በጉን ይዘዋል፤ ሴቶቹ ባለ ቀለም የሱዳን ቶብ ለብሰው እልልታውን ጀምረዋል። ኸሊፋ ሞተሩን አጥፍቶ ሲወርድ ሽማግሌዎቹ ክንዱን ይዘው በጉ ወደሚታረድበት ወደ ማዶው ጎማ ወሰዱት። እኔ በሬን ለመክፈት እጄን ሳነሣ በሩ ከውጭ ተከፈተ።

ወፍራም፣ ፊቷ የሚያበራ ሴት ሁለት እጄን ያዘች። ኻላ አመና መሆኗን ወዲያው አወቅኩ።

“ዐሩሳ!” አለች ጮክ ብላ። ሙሽራ ማለቷ ነው፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። “ማሻላህ! እናንተ ኑ እዩ! ቆንጆ ነው! ረጅም ነው! እኔ ኸሊፋን እጠይቃል፣ እሱ አይናገርም፣ ሌባ!”

እልልታው ፈነዳ። ሴቶቹ በሩን ሞሉት። አንዷ ጉልበቴን ዳሰሰች፣ ሌላዋ ጉንጬን። ኻላ አመና ከትንሽ ጠርሙስ ኹምራ የሚሉትን ወፍራሙን የሱዳን ሽቶ መዳፏ ላይ ገልብጣ አንገቴን፣ እጆቼን፣ ሻሼን ቀባችው።

“አይ፣ እኔ…” አልኩ። እልልታው ዋጠው።

“ያፍራል! እዩ፣ ያፍራል! ጥሩ ልጅ ነው፣ ሙሽራ ማፈር አለበት!”

አንድ ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለተኛ አልሞከርኩም። ዓይናፋርነቴ ነው ልል እችላለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ይህ ነው፦ ያ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ሲስቅ፣ ያ ሁሉ እጅ እኔን ሊነካ ሲዘረጋ፣ ለአፍታ እንዲቆምልኝ ፈለግሁ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ ተቀባሁ። አንዲት አሮጊት በበርታ ቋንቋ ስትመርቀኝ “አሚን” አልኩ።

ያኔ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ተሰማ። ክርር፣ ክርር፣ ክርር። የመስኮቱ እጀታ ነው። ሉባባ ታሽከረክረዋለች። ጭቃ የለበሰው መስታወት ትንሽ ወረደና ሻሿ ታየ። ትንሽ ወረደና ግንባሯ ታየ። ከዚያ ዓይኖቿ፤ በንዴት ቀልተዋል። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዝም እያሉ ወደዚያ ዞሩ። እጀታው መሐል ላይ ተያዘባት፤ በሁለት እጇ ታገለችው። በመጨረሻ አፏ ታየ።

“ሙሽራዋ እኔ ነኝ!”

ከመኪናው ማዶ የሚታረደው በግ ሲንፈራገጥ ብቻ ይሰማል።

ኻላ አመና እሷን አየች፣ እኔን አየች። “ሁለት ነው?” አለች። “ኸሊፋ! አንተ ብር አለህ እንዴ?”

ሴቶቹ ሳቅ ፈነዱ። ኸሊፋ እጁ ላይ ደም ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ሁኔታውን ሲያይ ወዲያው ገባው። እኔ ወረድኩ። የኋላውን በር ከፈትኩ።

“እህቴ ሉባባ ናት” አልኩ፣ በምችለው ድምፅ ሁሉ። “ሙሽራዋ እሷ ናት። እኔ ታላቋ ነኝ።”

ሉባባ ስትወርድ አጠገቤ ቆማ በጆሮዬ “ለምን ዝም አልሽ?” አለችኝ።

“አፌ አልታዘዘኝም።”

“ደስ ብሎሽ ነበር?”

“አዎ።”

ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ የምር ቆነጠጠችኝ። ከዚያ ጭቃ ያለበትን ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ፊት ወንበር ወጣችና ሻሿን አስተካክላ ተቀመጠች። ነጩ መኪና የእህል መኪና መሆኑን፣ ኒካሁ ይቀራል ማለቷን፣ ሁሉን ትታ እጇን ወደ ሴቶቹ ዘረጋች። እልልታው እንደ አዲስ ተነሣ። ኻላ አመና እሷን ስትቀባ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

“አንተ አትከፋም፣ እሺ? ሽቶው አይመለስም። አንተ ቀጥሎ ነው።”

ከባምባሲ እስከ አሶሳ ከኋላ ተቀምጬ የእህቴን ማጅራት እያየሁ ሄድኩ። ቅባቱ በምሽቱ ፀሐይ ያበራል። ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀሳቀሳል። ቀናሁ። ግን ቅናቴን ከእኔ ሌላ እሷም ታውቀዋለች፣ እሷም ለአፍታ ቀምሳዋለች፤ ይህ ትንሽ አቀለለልኝ።

ቤት

አምባ አምስት ስንደርስ ጎረቤት ሁሉ መኪናውን ከበበው። አባቴ ጎማውን በበትሩ መታ መታ አደረገና ሉባባን “እንዴት ነው ልጄ፣ ወደድሽው?” አላት።

“ደህና ነው አባዬ” አለች። “መስኮቱ ብቻ ትንሽ ክንድ ይፈልጋል።”

ያገለገለ መኪና ለመግዛት ለሚነሣ አንባቢ ከጉዞው ያተረፍኩት ምክር አጭር ነው። ደረጃውን ከመምረጥህ በፊት መንገድህን ጠይቅ፤ ነዳጁ ከየት እንደሚመጣ፣ ጎማው የት እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚሳፈርበት ጠይቅ። የሙከራ ጉዞ ልብ ይሰርቃል፤ ከሙከራው በኋላ ሻይ ጠጥተህ ወስን። ጂኤክስን የመረጠ ጭቃ ውስጥ አንዳንዴ እንደሚገፋም ይወቅ፤ እኔ አልደበቅኩም፣ እናንተም አትደብቁ። ስለ ቅናት ያወቅሁት ደግሞ የመኪና ደረጃ እንደማያውቅ ነው። ከቪኤክስ ወደ ጂኤክስ ሲወርዱለት አብሮ አይወርድም። ትክክለኛ ምክርም አያጠፋውም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ረጅም መንገድ ይሄዳሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሉባባ ገና ተኝታ ሳለ ተነሣሁ። ሻሼን ላጥብ ባልዲ ሙሉ ውኃ ቀድቼ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሻሹን ወደ ፊቴ አስጠጋሁት፤ ኹምራው እንዳለ ነው። ትንሽ ያዝኩት። ከዚያ ውኃውን የደጃፉ ማንጎ ሥር ደፋሁት፣ ሻሹን እንዳለ አሰርኩትና ወደ ቢሮ ሄድኩ።